የጃማይካ ባህር የማን ነው?

ጃማይካ ሲባል ለብዙ ኢትዮጵያዊ ቶሎ የሚታወሰው ቦብ ማርሌይ ነው፤ ከዚያ ሻሸመኔ የሰፈሩት ራስታዎች፣ ከዚያም ሚያዝያ 1958 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ለመቀበል የኪንግስተንን አውሮፕላን ማረፊያ ያጥለቀለቀው ሕዝብ። ደሴቲቱ ከመዲናዋ ውጭ ምን እንደምትመስል ግን እምብዛም አይወራም።

ከኪንግስተን ወደ ምሥራቅ የወጣ ሰው ብዙም ሳይርቅ ብሉ ማውንቴን ተራሮች ሥር ይደርሳል። ከፍተኛው ጫፍ 2,256 ሜትር ነው። ለጃማይካዊ ትልቅ ተራራ ነው፤ የአዲስ አበባ ሰው ግን ቤቱ ቁጭ ብሎ ከዚያ በላይ ነው ያለው። ጉም በማይለየው ቁልቁለት ላይ የሚበቅለው ቡና ከዓለም ውድ ቡናዎች አንዱ ሲሆን፣ በእንጨት በርሜል ታሽጎ ይላካል፤ ዋና ገዢው ጃፓን ናት። ወደ ደሴቲቱ የገባው እ.ኤ.አ. በ1728 ከማርቲኒክ ነው። የዘሩ ግንድ ከየት እንደተነሳ ለኢትዮጵያዊ መንገር አያስፈልግም።

ከተራራው ማዶ ዝናብ የማያጣው ፖርትላንድ አለ። በሪዮ ግራንዴ ወንዝ ላይ ድሮ ሙዝ ያጓጉዙ የነበሩ የቀርከሃ ታንኳዎች ዛሬ ጎብኚ ይጭናሉ። ቦስተን ቤይ ላይ ደግሞ ጀርክ ይጠበሳል። ከባርነት አምልጠው ተራራ የገቡት ማሩኖች ያቆዩት አሠራር ነው፦ ሥጋው በቅመምና ሚጥሚጣን በሚያስንቅ ቃሪያ ይታሻል፤ ከዚያ ፒሜንቶ በሚባለው የቅመም ዛፍ እንጨት ጭስ ላይ ቀስ ብሎ ይበስላል። የአገሪቱ ብሔራዊ ምግብ የሚባለው አኪ ግን ታሪኩ ይበልጣል። ፍሬው ከምዕራብ አፍሪካ የመጣ ነው፤ በስሎ በራሱ ካልተከፈተ መርዝ ነው። አብሮት የሚሠራው በጨው የደረቀ ዓሣ ደግሞ የእርሻ ጌቶች ለባሪያዎቻቸው የሚያስመጡት ርካሽ ቀለብ ነበር። ዛሬ ሁለቱ በአንድ ሳህን ቁርስ ሆነው ይቀርባሉ።

ይህን ሁሉ ሳያይ የሚመለሰው ጎብኚ ግን ብዙ ነው። ገና ከአገሩ ሳይነሳ ለመኝታውም ለምግቡም ለመጠጡም በአንድ ላይ ከፍሏል፤ ከአውሮፕላን ማረፊያ በአውቶቡስ ተወስዶ ሆቴሉ ግቢ ይገባል፣ ከዚያው ግቢ ወጥቶ ይመለሳል። ባለፉት ሁለት አስርት ዓመታት በተለይ የስፔን ኩባንያዎች በሰሜኑ ዳርቻ እንዲህ ያሉ ግዙፍ ሆቴሎችን ደርድረዋል። ጎብኚው አጥሩ ውስጥ ሲዋኝ፣ እዚያው የተወለደው ጃማይካዊ አጥሩ ውጭ ይቀራል።

ነገሩ የጥበቃ ሠራተኞች ክፋት አይደለም፤ ሕግ አለው። እ.ኤ.አ. በ1956፣ ደሴቲቱ ገና በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር ሳለች የወጣው የባህር ዳርቻ ቁጥጥር ሕግ በዳርቻው ላይ ያለውን መብት ለዘውዱ ሰጥቶ አጠቃቀሙን በፈቃድ አደረገው። ለዜጋው ግን በባህር ዳር የመዋኘት አጠቃላይ መብት አልሰጠውም። ከስድስት ዓመት በኋላ ነጻነት መጣ፣ ባንዲራው ተቀየረ፤ ሕጉ ቀረ።

የመንግሥት መከራከሪያ ተራ አይደለም። ቱሪዝም የውጭ ምንዛሪ ያመጣል፣ ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ ነው፤ እንግዳው ደግሞ ከሻጭ ግፊት አርፎ መዝናናት ይፈልጋል። ሞንቴጎ ቤይ ላይም ሃርመኒ የተሰኘ ነጻ የባህር ዳር መናፈሻ ተሠርቷል፤ ጥሩ ሥራ ነው። ግን መናፈሻ ችሮታ ነው፤ ሰዎቹ የሚጠይቁት መብት ነው። ባርቤዶስም በቱሪስት ነው የምትኖረው፤ እዚያ ዳርቻው የሕዝብ ነው፤ ሆቴሎቹም ጥለው አልሄዱም።

ሕዝቡም ዝም አላለም። የፖርትላንዱ ዊኒፍሬድ ዳርቻ ሊወሰድ ነው ሲባል የአካባቢው ሰዎች ተደራጅተው ፍርድ ቤት ሄዱ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ለረጅም ዘመን ሲጠቀሙበት በመኖራቸው የሕዝቡ መብት ታወቀላቸው። ቡል ቤይ ላይ በቦብ ማርሌይ ስም በሚጠራው ዳርቻ የኖሩ የራስታ ቤተሰቦችም ቦታው ለሆቴል ሲታሰብ ወደ ክስ ገብተዋል። ዘፋኙን ለቱሪዝም ማስታወቂያ ማዋልና ስሙን የያዘውን አሸዋ ከራስታዎች መውሰድ አብረው እንዴት እንደሚሄዱ ባለሥልጣናቱ ቢያስረዱ ጥሩ ነበር።

ከአትላንታ ወይም ከዋሽንግተን ለእረፍት የሚሄድ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ቢያንስ ጥቂት ቀን አነስተኛ ማረፊያ ቢይዝ፣ ምሳውን ቦስተን ቤይ ቢበላ፣ ገንዘቡ ምግቡን የሠራችው ሴት እጅ ይገባል። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን አጥር አያፈርስም። የ1956ቱን ሕግ መሻር የሚችለው የጃማይካ ፓርላማ ነው። የሚተካው ሕግ ዳርቻው የሕዝብ ነው ብሎ ብቻ ማቆም የለበትም፤ በሁለት ሆቴሎች መካከል ወደ ውሃው የሚያደርስ የእግር መንገድም በግልጽ ማስቀመጥ አለበት።