የሰማይ ጉዞ ጨዋታና የመምህራን ዝምታ

በዚህ ዘመን በእንጅባራና በዳንግላ ስለ ወጣቶች ነገር በተነሣ ቍጥር ኹለት ዐይነት ንግግር ይሰማል። አንዱ ወገን፦ ጌም የሚባለው ኹሉ የሰይጣን ወጥመድ ነው ብሎ ያወግዛል። ኹለተኛው ወገን ደግሞ፦ ጨዋታ ጨዋታ ነው፤ ልጅ ሲያድግ ይተወዋል፤ ምን አስጨነቃችሁ ብሎ ይሥቃል። እኔ ግን ኹለቱንም አልቀበልም። የፊተኛው ባላየው ነገር ይፈርዳልና፤ የኋለኛውም ያየውን አይመረምርምና።

ለማውገዝም ኾነ ለማመስገን አስቀድሞ ነገሩን ማወቅ ይገባል። በየፕሌይስቴሽን ቤቱ ተሰብስበው የሚጮኹት ልጆች አብዛኞቹ የኳስ ጨዋታ የሚጫወቱ ናቸው። ቃሌ ስለ እነርሱ አይደለም። ቃሌ በኮምፒዩተር ፊት ሌሊቱን ስለሚያጋምሱበት፥ ታሪክ ስላለው ጨዋታ ነው። ከዚህ ወገን ስመ ጥር የኾነው ማስ ኢፌክት ይባላል። ባዮዌር የተባለ የካናዳ ኩባንያ፥ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2007፥ በ2010ና በ2012 ዓ.ም. በሦስት ክፍል አወጣው። ሼፐርድ የተባለ አዛዥ ኖርማንዲ በምትባል መርከብ በከዋክብት መካከል እየተጓዘ፥ ከልዩ ልዩ ፍጥረት ባልንጀሮችን ሰብስቦ፥ በየ50 ሺሕ ዓመቱ እየመጡ አዋቂውን ፍጥረት ኹሉ የሚያጭዱ መኪናዎችን ይዋጋል።

የዚህ ጨዋታ ፍቅር ከምን መጣ? ከሥዕሉ ማማር ነው እንዳይባል ሥዕልማ በሲኒማም አለ። ከተኵሱ ነው እንዳይባል ተኵስ በሌላውም ጨዋታ ሞልቷል። የወጣቱን ልብ የያዘው መራጭ መደረጉ ነው። በመጀመሪያው ክፍል ቨርማየር በሚባል ዓለም ከኹለት ባልንጀሮች አንዱን ብቻ ማዳን ይቻላል፤ ሌላው ይሞታል። የዳነው በኋለኞቹ ክፍሎች እየመጣ ይናገራል፤ የሞተው ግን አይመለስም። ከእንጅባራ ወጣቶች አንዱ ይህን ሲጫወት ሦስት ምሽት አጠገቡ ተቀምጬ አይቻለሁ። ከዚያ ስፍራ በደረሰ ጊዜ እጁን አንሥቶ ብዙ ዝም አለ። ያ ዝምታ ሰይጣን የያዘው ሰው ዝምታ አልነበረም፤ የሕሊና ዝምታ ነበረ እንጂ።

ከዚህ የሚበልጥ ምስክር ደግሞ አለ። ሦስተኛው ክፍል በ2012 በወጣ ጊዜ፥ ያ ኹሉ ምርጫ በመጨረሻው እምብዛም በማይለያዩ ጥቂት ፍጻሜዎች ተዘጋ። ተጫዋቾቹም በየአገሩ ተቈጡ፤ ኩባንያውም በዚያው ዓመት ፍጻሜውን አስፍቶ ያለ ዋጋ ለመስጠት ተገደደ። አንባቢ ሆይ፥ ይህ ቍጣ ምንድን ነው? ሰው ሥራው እንዲቈጠር፥ ምርጫውም እንደ ሥራው ዋጋ እንዲያገኝ ይሻል ማለት ነው። በዐውደ ምሕረት የሚሰበከው ይኸው አይደለምን? ስለ ፍርድ መስማት አይወዱም ተብለው የሚታሙት ወጣቶች ፍርድ ጐደለብን ብለው ጮኹ።

ይህን በማለቴ ጨዋታውን አጸደቀው አይባልብኝ፤ ኹለት ታላላቅ ጕድለት አለበትና። አንደኛው፥ ምርጫው ይመለሳል። ተጫዋቹ ወጣቶቹ እንደሚሉት ሴቭ አድርጎ ያስቀምጣል፤ የመረጠው ያልተስማማው እንደ ኾነ ወደ ኋላ ተመልሶ ሌላውን ይይዛል። ንስሓ ግን እንዲህ አይደለም። ንስሓ የገባ ሰው ኀጢአቱ ይሠረይለታል እንጂ የገደለው ሰው ከመቃብር አይነሣለትም፤ ካሣውንም ተሸክሞ ይኖራል። ይህን የማያውቅ ልጅ ሕይወትን ኹለተኛ ጊዜ የምትጀመር ይመስለዋል።

ኹለተኛው ጕድለት፥ በጎውና ክፉው ቀለም ተቀብቶ መቅረቡ ነው። የለዘበው ቃል ሰማያዊ፥ የሚያስፈራራው ቃል ቀይ ኾኖ ይታያል። በገበያና በችሎት፥ በትዳርና በሹመት ፈተና እንዲህ ተለይቶ የሚመጣለት ማን ነው? ክፋት የበጎነትን ሰም ለብሶ አይደለምን የሚመጣ? ሰሙን ገልጦ ወርቁን ለማየት የሚያሠለጥን ቤት ደግሞ በጎጃም ምድር ሞልቶ ነበረ። የቅኔ ተማሪ ከጉባኤ ቃና ኹለት ቤት ጀምሮ እስከ መወድስ ስምንት ቤት ሲወጣ፥ ሰው ካዘጋጀለት ከኹለትና ከሦስት መልስ አንዱን አይመርጥም፤ ራሱ ቈጥሮ፥ ራሱ አዋቅሮ፥ በመምህሩ ፊት ቆሞ ይነግራል እንጂ። የትናንቱን ዛሬ ይድገም ቢል ነውር ነው።

እንግዲያስ ልጁ ከዚህ ቤት ወጥቶ ወደዚያ ለምን ሄደ? መምህራን ዝም ስላሉ ነው። ሰማይን ስለ ዞረ ሰው መስማት ለኢትዮጵያ አዲስ ነውን? መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉው ተጠብቆ የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው፤ ጄምስ ብሩስ በ1773 ቅጂውን ይዞ አውሮጳ በገባ ጊዜ የዚያ አገር ሊቃውንት ተደነቁ። ሄኖክ በመልአኩ በዑርኤል መሪነት ፀሓይ የምትወጣባቸውን 6 በሮችና የምትገባባቸውን 6 በሮች ያያል፤ ትእዛዝ ያፈረሱ ከዋክብት የታሰሩበትንም ስፍራ ያያል። የዳንግላ ልጅ ግን የሼፐርድን መርከብ ስም ያውቃል፤ ስለ ዑርኤል የሚነግረው አላገኘም። መጽሐፉ በግዕዝ ተዘግቶ፥ ለአዊ እናት በአዊኛ ሳይተረጐምላት፥ ልጇን ባዕድ ታሪክ ወሰደው ብሎ ማልቀስ ምን ይረባል?

ወጣቱ የገዛ ታሪኩን ይንቃል የሚሉ ጥር 23 ቀን ይምጡና ይዩ። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር የዐድዋን ዘማቾችና ፈረሶቻቸውን ሲዘክር፥ ጐልማሳው ከሽማግሌው ጋራ ይጋልባል። ማንም አልገረፈውም። ታሪኩን ቆሞ ከመስማት ይልቅ በታሪኩ ውስጥ የሚገባበት በር ስለ ተከፈተለት ነው።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። የእንጅባራና የዳንግላ አጥቢያዎች በሳምንት አንድ ማታ ሄኖክንና ገድላትን በአማርኛና በአዊኛ ያስነብቡ፤ ልጆቹም ይጠይቁ፥ ይከራከሩ፥ እኔ ብኾን ምን እመርጥ ነበር ይበሉ። በአዲስ አበባ ቅኔ ጌምስ የሚባል ኩባንያ ኩኩሉና ገበታ የተባሉ ጨዋታዎችን ሠርቷል። ስሙን ከጉባኤ ቤት ወስደዋል፤ ምሥጢሩን ደግሞ ማን ይስጣቸው? የቅኔ መምህር ከኮምፒዩተር ዐዋቂ ጋራ ቢቀመጥ ምን ነውር አለው? ቅዱስ ነገር ወደ ጨዋታ አይወርድም የሚል ቢኖር፥ ፊደል ላልቈጠረው ሕዝብ በመቅደስ ግድግዳ ላይ ታሪኩን በሥዕል ያስተማሩትን አባቶች ያስብ። ሥዕሉን መጫወቻ ያላቸው የለም።

ልጁን ከኮምፒዩተሩ ፊት በቍጣ ማስነሣት ይቻላል፤ ነገር ግን ተነሥቶ የሚገባበት ቤት ከሌለ ተመልሶ ይቀመጣል። ቤቱን መክፈት የመምህራን ፋንታ ነው። እግዚአብሔር ለተናጋሪው ጥበብን፥ ለሰሚውም ልቡናን ያድልልን።