ሲስተሙ ሲመለስ

ባለፈው ማክሰኞ ባለቤቴን ይዤ ክትትል ወደሚያደርግበት ክሊኒክ ሄጄ ነበር። ደም ማቅጠኛ መውሰድ ከጀመረ ሦስት ዓመቱ ነው። ጠዋት ደሙ ተመረመረ፤ ከሚፈለገው በላይ ቀጥኗል ተባለና ሐኪሙ መጠኑን ከ5 ሚሊግራም ወደ 4 ዝቅ አድርጎ ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈ። እዚያው ግቢ ያለው መድኃኒት ቤት ስንደርስ ያው የለመድነው መልስ ጠበቀን፦ "እናቴ፣ ሲስተም የለም፣ ትንሽ ይጠብቁ።" ከሩብ ሰዓት በኋላ "መጣ" ተባለ። ልጅቷ ስክሪኑን አይታ 5 ሚሊግራሙን ቆጥራ ልትሰጠን ነው። የጠዋቱ ትእዛዝ የለም! አብሬው ባልኖር ተቀብሎ ይሄድ ነበር። ደም ማቅጠኛ ሲበዛ ምን እንደሚያመጣ ዎርድ ውስጥ አይቻለሁና እጄ ተንቀጠቀጠ።

ማታ የኮምፒውተር ባለሙያ የሆነውን ልጄን ያዝኩት። "ሲስተሙ ከመጣ የጠዋቱ የት ገባ?"

መዝገቡ የሚቀመጥበት ዳታቤዝ አንድ ብቻ አይደለም አለኝ። ዋና አለ፤ ከዋናው እየገለበጡ የሚከተሉት ቅጂዎች አሉ። አዲስ ነገር የሚጻፈው ዋናው ላይ ነው። ለማንበብ የሚመጣውን ግን ሎድ ባላንሰር የሚሉት አከፋፋይ ወደ ቅጂዎቹ ያካፍለዋል፤ በር ላይ ቆማ በሽተኛውን ወደየክፍሉ የምትመድበው ነርስ ማለት ነው። ዋናው ሲወድቅ ከቅጂዎቹ አንዱ ዋና ሆኖ ይሾማል። ቅጂው ወደኋላ ቀርቶ ከነበረ ግን የመጨረሻዎቹ ጽሑፎች ሳይደርሱት ይሾማል።

ይሄማ የእኛው ርክክብ ነው! የማታዋ ተረኛ ከሌሊቱ 11 ሰዓት መርፌ ወግታ ካርዱ ላይ ሳትጽፍ ከወጣች የቀኗ ደግማ ትወጋለች።

ትልልቆቹም አልቀረላቸውም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 ጊትሃብ የተባለው፣ ፕሮግራመሮች ሥራቸውን የሚያስቀምጡበት የአሜሪካ ድርጅት፣ በምሥራቁ ጠረፍ ላለው ማዕከሉ ግንኙነት ለ43 ሰከንድ ተቋረጠበት። መቆጣጠሪያው ሹመቱን ወደ ምዕራቡ ጠረፍ አዞረው። ምሥራቅ የተጻፈው የጥቂት ሰከንዶች ጽሑፍ ግን ምዕራብ አልደረሰም ነበር፤ ምዕራቡ ደግሞ የራሱን አዲስ መጻፍ ጀመረ። ሁለት መዝገብ፣ ሁለቱም እውነት። አገልግሎቱ ሙሉ በሙሉ እስኪመለስ 24 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ፈጀ። ቶሎ ከመክፈት ይልቅ ጽሑፉን ማትረፍ መርጠው ነው፤ እኔ በዚህ አልወቅሳቸውም።

ሁለተኛው ከመሾሙ በፊት የመጀመሪያው በእርግጥ ማቆሙ መረጋገጥ አለበት ይላል ልጄ። በእኛ ጊዜ የመድኃኒት ቁምሳጥኑ ቁልፍ ከአንድ ተረኛ ኪስ አይወጣም ነበር፤ ስንቴ ተጣልተንበታል!

በማግስቱ ስደውል የጠዋቱ ትእዛዝ በቀድሞው ዋና ላይ ቀርቶ ተገኘ አሉኝ። እናንተም "ሲስተም መጣ" ሲሏችሁ መድኃኒቱን ከመቀበላችሁ በፊት "የዛሬው ይታያል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። ባለቤቴ መጠኑን ከነቀኑ ደብተር ላይ መጻፍ ጀምሯል። የእጅ ጽሑፉን ከእሱ በቀር የሚያነበው ስለሌለ፣ ማታ ማታ እኔ በራሴ ደብተር እገለብጠዋለሁ።