ጩኸቱን ማፈን መፍትሔ አይሆንም፦ አዲስ ቴፕ የተገጠመለት መኪና ለምን ያፏጫል?

በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ከኮሎምበስ ከተማ በስተሰሜን ምሥራቅ በምትገኘው ዌስተርቪል፣ መኪና ለብዙ ስደተኛ ቤተሰብ የዕለት እንጀራ ማግኛ ነው። ተሳፋሪ በማመላለስ ወይም ዕቃና ምግብ በማድረስ የሚተዳደር ሰው ቀኑን የሚያሳልፈው ከመሪው ፊት ነው። በዚያ ረጅም ሰዓት ዜናውም፣ ስብከቱም፣ ዘፈኑም በስልክ በኩል ወደ መኪናው ይገባል። የመኪናው ነባር ሬዲዮ ከስልክ ጋር የማይግባባ አሮጌ ሲሆን፣ ባለቤቱ ከገበያ ሌላ ቴፕ ገዝቶ ያስገጥማል። ደስታው አንዳንድ ጊዜ የሚቆየው ሞተሩ እስኪነሣ ብቻ ነው። ሞተሩ እንደ ተነሣ ከስፒከሮቹ ቀጭን ፉጨት ይሰማል፤ ነዳጅ ሲሰጥ አብሮ ይቀጥናል፣ ሞተሩ ሲረጋ አብሮ ይወርዳል።

በዚህ ጊዜ ለባለቤቱ አስቀድሞ የሚሰጠው ምክር አጭር ነው፦ ማጣሪያ ገዝተህ በመስመሩ ላይ አስገባበት። ማጣሪያው ርካሽ ነው፤ ለመግጠም ደቂቃዎች ይበቁታል፤ ፉጨቱንም ብዙ ጊዜ ይቀንሰዋል። ይሁን እንጂ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንደሚባለው፣ ምንጩ ሳይታወቅ የታፈነ ድምፅ ከነምክንያቱ በመኪናው ውስጥ ይቀራል። ፉጨቱ መኪናው ስለ ራሱ የኤሌክትሪክ መስመር በነጻ የሚሰጠው ምስክርነት ነው። ምስክሩን ሳይሰሙ አፉን መያዝ፣ ኋላ ከማጣሪያው ዋጋ የበለጠ ሊያስከፍል ይችላል።

ፉጨቱ የሚወለደው ከኮፈኑ ሥር ነው። በጋራዥ ቋንቋ ዲናሞ የሚባለው አልተርኔተር የሚያመነጨው ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ሲሆን፣ በውስጡ ያሉት ዳዮዶች ይህንኑ ወደ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ይለውጡታል። ለውጡ ግን ፍጹም ለስላሳ አይደለም፤ ከሦስቱ ፌዞች የሚመጣው ኃይል በእያንዳንዱ ዑደት ስድስት ጥቃቅን ሞገዶችን በቮልቴጁ ላይ ይተዋል። ስድስት ጥንድ ዋልታዎች ያሉት፣ ከሞተሩም በሦስት እጥፍ የሚፈጥን ዲናሞ ለምሳሌ ይወሰድ። ሞተሩ በደቂቃ 800 ጊዜ ሲዞር ሞገዶቹ በሰከንድ 1,440 ይሆናሉ፤ ሞተሩ 2,000 ዙር ሲደርስ ደግሞ ወደ 3,600 ያድጋሉ። የሰው ጆሮ ይበልጥ ንቁ የሚሆነው ከ2,000 እስከ 5,000 ኸርትዝ ባለው ክልል ነው። ስለዚህ መጠኑ እጅግ ትንሽ የሆነ የዲናሞ ሞገድ እንኳ በቀላሉ ይሰማል።

ሞገዱ በዲናሞው ላይ መኖሩ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ሁሉም ዲናሞ ያመነጨዋል። ጥያቄው ወደ ስፒከሩ የሚደርስበትን መንገድ ከየት አገኘ የሚለው ነው። በመኪና ውስጥ ኤሌክትሪክ ወደ ባትሪው የሚመለሰው በራሱ በመኪናው ብረት በኩል ነው፤ ይህም የመመለሻ መስመር ግራውንድ ይባላል። ብረቱ ጥሩ አስተላላፊ ቢሆንም ፍጹም አይደለም። የ60 አምፔር ኤሌክትሪክ በሁለት ሺኛ ኦም መገጣጠሚያ ውስጥ ሲያልፍ 0.12 ቮልት ልዩነት ይፈጥራል። ቴፑ በዳሽቦርዱ በኩል፣ አምፕሊፋየሩ ደግሞ ከኋላ በዕቃ መጫኛው በኩል ከብረቱ ጋር ቢታሰሩ፣ ሁለቱ «ዜሮ» የሚሉት ነጥብ አንድ አይሆንም። ውኃ ወደ ቀለለው ቦይ እንደሚፈስ ሁሉ፣ ከዚያ ልዩነት የተወሰነው ክፍል ሁለቱን በሚያገናኘው የድምፅ ገመድ ሽፋን ላይ ይሄዳል። ከ0.12 ቮልቱ ውስጥ የሚርገበገበው 5 ሚሊቮልት ብቻ ነው ቢባል እንኳ፣ 2 ቮልት ከሚደርሰው የሙዚቃ ምልክት የሚያንሰው በ400 እጥፍ ነው። ይህ በድምፅ መለኪያ 52 ዴሲቤል ያህል ሲሆን፣ ሙዚቃው ዝግ ባለበት ወይም ተናጋሪው ትንፋሽ በወሰደበት ቅጽበት ጆሮ ይለየዋል።

ዌስተርቪልን በዚህ ነገር ልዩ የሚያደርጋት ክረምቷ ነው። በማዕከላዊ ኦሃዮ በረዶ ሲጥል ጎዳናዎቹ በጨው ይሸፈናሉ፤ ጨዋማው ውኃ ከመኪናው ሥር ይረጫል፣ በመገጣጠሚያዎች ውስጥም ይሰርጋል። በብዙ ክረምት የተመላለሰ መኪና ላይ ዛገቱ ላሜራውን ብቻ አይበላም፤ ግራውንዱ የታሰረባቸውን ቡሎኖችና ከሞተሩ ወደ ብረቱ የሚሄዱትን ጥልፍ ሽቦዎችም ይደርስባቸዋል። ዛገት ኤሌክትሪክን በደንብ አያስተላልፍም። ስለዚህ አዲሱ ቴፕ ጥፋቱን ይዞት አልመጣ ይሆናል፤ ለዓመታት ሲገነባ የነበረውን ችግር ለመጀመሪያ ጊዜ ያሰማው እርሱ ነው። ያው የዛገ መገጣጠሚያ የፊት መብራትን ሊያደበዝዝ፣ በብርድ ማለዳም ሞተሩ እንዳይነሣ ሊያደርግ ይችላል። ፉጨቱን ብቻ ያፈነ ሰው ይህን ማስጠንቀቂያ አብሮ አፍኖታል።

በመኪናው ኤሌክትሪክና በሬዲዮው መካከል ያለው ጠብ አዲስ አይደለም፤ አንደኛው ምዕራፍም የተጻፈው በዚችው ኦሃዮ ነው። በኮሎምበስ ከሚገኘው የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1904 በምሕንድስና የተመረቀው ቻርልስ ኬተሪንግ፣ በዴይተን ከተማ በተቋቋመው ዴልኮ ኩባንያ ለመኪና የባትሪ ማቀጣጠያንና የኤሌክትሪክ ማስነሻን ሠራ። ማስነሻው በ1912 ካዲላክ መኪና ላይ ወጣ። እያንዳንዱ የካንዴላ ብልጭታ ግን ትንሽ የሬዲዮ ማሰራጫ ነው። ጋልቪን የተባለው የቺካጎ ኩባንያ በ1930 «ሞቶሮላ» ብሎ የሰየመውን የመኪና ሬዲዮ ሲያወጣ፣ መሐንዲሶቹን ካደከሟቸው ነገሮች አንዱ ከሞተሩ የሚመጣውን ረብሻ መግታት ነበር። ያን ጊዜ የተገኘው ትምህርት ዛሬም ይሠራል፦ ረብሻ የሚሸነፈው ከምንጩና ከመንገዱ ላይ ሲያዝ ነው።

ምንጩን ለማግኘት የመጀመሪያው መሣሪያ ጆሮ ነው። ድምፁ ከሞተሩ ፍጥነት ጋር የሚወጣና የሚወርድ ፉጨት ከሆነ ዲናሞው ይጠረጠራል። ከሞተሩ ጋር የሚፈጥን ጠቅ ጠቅታ ከሆነ ካንዴላና ገመዶቹ ይጠረጠራሉ። ሞተሩ ቢጠፋም የማይለወጥ ሽሽታ የሚመጣው ብዙ ጊዜ የአምፕሊፋየሩ ማጉያ ከመጠን በላይ ስለ ተከፈተ ነው። መኪናው ጉድጓድ ሲመታ ብቻ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ የላላ ሽቦ አለ።

ቀጥሎ የቴፑ ድምፅ መቀነሻ ይፈተሻል። ሙዚቃው እስከ ዜሮ ሲወርድ ፉጨቱም አብሮ ከወረደ፣ ረብሻው የገባው ከመቀነሻው በፊት፣ ማለትም በአንቴናው፣ በስልኩ ወይም በኦክስ ገመዱ በኩል ነው። ሙዚቃው ጠፍቶ ፉጨቱ እንዳለ ከቀረ፣ የገባው ከዚያ በኋላ ባለው መስመር ነው። ስልኩ በኦክስ ገመድ እየተጫወተ ከመኪናው ቻርጀርም ኃይል ሲወስድ ፉጨት ተሰምቶ፣ ቻርጀሩ ሲነቀል ወይም ወደ ብሉቱዝ ሲቀየር ቢጠፋ፣ ቴፑም ዲናሞውም ነጻ ናቸው፤ ቀለበቱን የሠራው ቻርጀሩ ነው። አምፕሊፋየር ባለበት መኪና፣ ኃይሉ ከጠፋ በኋላ የድምፅ ገመዶቹን ከአምፕሊፋየሩ ላይ ነቅሎ እንደገና መክፈት ይጠቅማል፤ ፉጨቱ ከጠፋ ጥፋቱ በገመዱ ወይም በቴፑ ወገን ነው። ኃይሉን ሳያጠፉ ገመዱን መንቀልና መሰካት ግን በአንዳንድ ቴፖች ውስጥ ያለውን የመመለሻ መስመር ጥቃቅን ፊውዝ ያቃጥላል፤ ያልነበረ ፉጨትም ይወልዳል።

ጆሮ የጠረጠረውን የሚያረጋግጠው መለኪያ ነው። በትንሽ ገንዘብ የሚገዛ መልቲሜትር ለዚህ ይበቃል። ሞተሩ ተነሥቶ፣ መብራትና ማሞቂያው ተከፍቶ፣ የመለኪያው አንዱ ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ፣ ሌላው በቴፑ የብረት አካል ላይ ሲያርፍ፣ ንባቡ ከ0.1 ቮልት ካለፈ ግራውንዱ እርማት ይሻል። እርማቱም ቀላል ነው፦ ቀለሙንና ዛገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ንጹሑን ብረት ማውጣት፣ አጭርና ወፍራም ሽቦ በቡሎን ማጥበቅ፣ በላዩም ዛገት የሚከላከል ቅባት መቀባት። የመቀመጫ ቀበቶም ሆነ የኤርባግ ቡሎን ለዚህ ሥራ አይነካም። መለኪያው ወደ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ዞሮ በባትሪው ሁለት ጫፎች መካከል ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ ደግሞ፣ ከዲናሞው ዳዮዶች አንዱ ሳይሞት አይቀርም። ለእንዲህ ያለው መኪና ማጣሪያ መግዛት፣ በጥር ብርድ መንገድ ላይ ሊቆም ያለውን መኪና ሙዚቃ ማሳመር ነው።

ማጣሪያው ፈጽሞ አያስፈልግም ማለት ግን አይደለም። ለሥራ የሚሮጥ ሹፌር መኪናውን ለግማሽ ቀን ጋራዥ ማቆም ገቢውን ይነካበታል የሚለው መከራከሪያ ክብደት አለው። የቻርጀሩና የኦክስ ገመዱ ቀለበት መሆኑ ከተረጋገጠ፣ በመካከላቸው የሚገባ ትንሽ ትራንስፎርመር ያለው መለያያ ቀለበቱን በትክክል ይቆርጠዋል፤ ርካሹ ዓይነት ከወፍራሙ ድምፅ ጥቂት ቢቀንስም ለስብከትና ለዜና ይበቃል። ልዩነቱ ያለው በቅደም ተከተሉ ነው። ምርመራውን ተከትሎ የሚመጣ ማጣሪያ መፍትሔ ሊሆን ይችላል፤ በምርመራው ፈንታ የሚመጣ ግን መሸፈኛ ነው።

ጉዳዩ ወደ አገር ቤትም ይሻገራል። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ከጃፓን ያገለገሉ ሆነው የገቡ መኪኖች ብዙ ናቸው። ለጃፓን ገበያ የተሠሩት ነባር ሬዲዮኖቻቸው የሚይዙት ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርትዝ ያለውን ክልል ነው፤ ኋላም በዚያው አገር እስከ 95 ሰፍቷል። ኤፍ ኤም አዲስ በ97.1፣ ፋና በ98.1፣ ሸገር በ102.1 የሚሰሙ በመሆናቸው፣ ባለቤቱ ወይ የሞገድ መቀየሪያ ያስገባል፣ ወይ ቴፑን ይለውጣል። በዚያ ጨዋማ በረዶ ባይኖርም ዝናቡ፣ አቧራውና በችኮላ የተጠመዘዘ ሽቦ የየራሳቸውን ድርሻ ያበረክታሉ። የፊዚክሱ ሕግ ግን በዌስተርቪልም በመርካቶም አንድ ነው።

ጥንቃቄው ከፉጨቱ ያልፋል። ከባትሪው በቀጥታ ወደ አምፕሊፋየር የሚሄድ ወፍራም ሽቦ ከባትሪው ከ45 ሴንቲሜትር ባልበለጠ ርቀት ፊውዝ ሊኖረው ይገባል፤ ፊውዝ የሌለው ሽቦ ከላሜራ ጋር ቢነካካ እሳት ያስነሣል። በዛሬዎቹ ቴፖች ደግሞ ሁለቱም የስፒከር ሽቦዎች ምልክት ይሸከማሉ፤ አንዳቸውም ከመኪናው ብረት ጋር መታሰር የለባቸውም። እነዚህን የማያውቅ ገጣሚ ፉጨትን ብቻ ሳይሆን አደጋንም አብሮ ሊገጥም ይችላል።

ስለዚህ ልማዱ መለወጥ ያለበት ከሁለቱም ወገን ነው። ገጣሚው ሥራውን ሲያስረክብ፣ ሞተሩ ተነሥቶ መብራቱ እንደ በራ የግራውንዱን ንባብ ለባለቤቱ ቢያሳየው የሚወስድበት ሁለት ደቂቃ ነው። ባለቤቱም የቴፑን ዋጋና የስክሪኑን ስፋት ከመጠየቁ አስቀድሞ «ግራውንዱ የት ታሰረ? ስንት ቮልትስ አነበበ?» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው። መልሱ ቁጥር ከሆነ መኪናው በደህና እጅ ገብቷል። መልሱ «ማጣሪያ እንጨምርበታለን» ከሆነ ግን፣ ቁልፉን ከማስረከብ በፊት ሌላ ጋራዥ መጠየቅ ይበጃል።