ብርዱ የማን መስቀል ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ለጥቅምት 5 አጥቢያ፣ ከሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶች ጋር በዝቋላ ተራራ ላይ አደርሁ። የጻድቁን አባታችንን የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ክብረ በዓል ለማክበር ተራራውን በእግራችን ወጥተን ስለ ነበር ሁላችንም በላብ ርሰናል። ማምሻውን በድንኳናችን ደጃፍ ስንዘምር አንድ ታናሽ ወንድማችን ወደ እኔ ተጠግቶ፣ “ዲያቆን፣ እጅግ በረደኝ” አለኝ። እኔም፣ “ጻድቁ በዚህ ተራራ ላይ ያለ ልብስ ኖረዋል፤ አንተ አንዲት ሌሊት መታገሥ ያቅትሃል? ብርዱ መስቀልህ ነው” ብዬ መለስሁለት። አጠገባችን የነበሩት ሣቁ፤ እርሱም አፍሮ ዝም አለ። ይህን ስናገር እኔ ራሴ ጋቢ ደርቤ ነበር።

በዚያው ሌሊት ከድንኳናችን ጥግ ተጠግተው የተቀመጡ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ነበሩ። የለበሱት ቀሚስና ነጠላ በላብና በጤዛ ረጥቧል። አመሻሹ ላይ ይንቀጠቀጡ ነበር፤ ኋላ ግን መንቀጥቀጣቸው ቆመ። እኛም እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሎን ደስ አለን። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ግን ከመካከላችን የነርስነት ትምህርት የምትማር እኅት ጠጋ ብላ ስማቸውን ጠየቀቻቸው። አንደበታቸው ተሳሰረ፤ የት እንዳሉም አላወቁም።

እኅታችን በብርድ የተጎዳ ሰው ሳይሞቀው መንቀጥቀጡን ካቆመ ተሻለው ማለት እንዳልሆነ፣ ይልቁንም ሰውነቱ ሙቀት የማመንጨት ዐቅሙ እየከዳው መሆኑን ነገረችን። እኅቶች ከልለው እርጥቡን ልብስ አወለቁላቸው፤ ከበታቻቸው ብርድ ልብስ አነጠፉ፤ በደረቅ ጋቢ ጠቀለሏቸው፤ ሁለቱም በግራና በቀኝ አቅፈዋቸው ተኙ። አእምሯቸው ሲመለስና በደንብ መዋጥ ሲችሉ ጣፋጭ ሻይ በጥቂት በጥቂቱ ሰጧቸው። ሊነጋጋ ሲል ስማቸውን ነገሩን፤ መረቁንም። እኔ ግን ምርቃቱን አንገቴን ደፍቼ ተቀበልሁ።

የተወደዳችሁ የእግዚአብሔር ልጆች፣ ከዚያች ሌሊት ወዲህ ያ መልሴ ሲከነክነኝ ኖሯል። እንዲህ ያለው አነጋገር የእኔ ብቻ አለመሆኑንም አውቃለሁ። በግሸን፣ በላሊበላ፣ በከተራ ሌሊት በጥምቀተ ባሕር ዙሪያ፣ ሜዳ ላይ በሚታደርባቸው በዓላት ሁሉ “በእምነት የመጣን ሰው ብርድ አይጎዳውም” ሲባል እንሰማለን። ቃሉ ሲሰሙት የእምነት ቃል ይመስላል። ጌታችን ግን ከመቅደስ ጫፍ ራሱን እንዲወረውር ጠላት በፈተነው ጊዜ አምላክን መፈታተን እንደማይገባ አስተምሮናል። ሳይዘጋጁ ወጥቶ “እርሱ ያሞቀኛል” ማለት ከዚያ ፈተና ምን ያህል ይርቃል?

የጻድቁ ገድልስ ምን ያስተምረናል? አባታችን ልብስ አልለበሱም፤ ነገር ግን እግዚአብሔር ራቁታቸውን አልተዋቸውም፤ ጠጉርን ልብስ አድርጎ ሰጣቸው። አዳምንና ሔዋንን ከገነት ሲያስወጣም የቁርበት ልብስ አልብሷቸዋል። ለጻድቁ ጠጉርን የሰጠ አምላክ ለእኛ ጥጥን፣ ሱፍን፣ የሚያስብ አእምሮንና አጠገባችን የሚተኛ ወንድምን ሰጥቶናል። ያንን ጸጋ አድንቀን ይህኛውን ብንንቅ ሰጪው አንድ መሆኑን ዘነጋን ማለት ነው።

ቅዱስ ጳውሎስ በእስር ሳለ በጢሞቴዎስ መልእክቱ በጢሮአዳ የተወውን በርኖስ እንዲያመጣለት፣ ከክረምትም በፊት እንዲደርስለት ለምኗል። ለሰማዕትነት የተዘጋጀው ሐዋርያ ልብስ መጠየቅን እንደ እምነት ጉድለት አልቈጠረውም። በኦሪት ዘጸአትም የድኻን ልብስ መያዣ አድርጎ የወሰደ ሰው ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲመልስ ታዟል፤ ድኻው ሌሊት የሚተኛበት ሌላ የለውምና። እግዚአብሔር የሰውን ሌሊት በሕግ የጠበቀ አምላክ ነው።

“መንፈሳዊ ጉዞ ሽርሽር አይደለም፤ ድካምና ተጋድሎ ሊኖረው ይገባል” የሚሉ ወንድሞች አሉ። እውነት ነው። ነገር ግን ተጋድሎ ሰው በፈቃዱ፣ በዐቅሙና በአባቶች ምክር ለራሱ የሚይዘው ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ሕመምተኛውንና ሕፃኑን በጾም እንደማታስገድድ እናውቃለን፤ ታዲያ በብርድ ለማስገደድ ማን ሥልጣን ሰጠን? ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ የሚያድር ሰው ደግሞ ማኅሌቱን መስማትም ሆነ መጸለይ ይቸግረዋል፤ አሳቡ ሁሉ ንጋቱ ላይ ነው።

ስለዚህ የብርዱን ጠባይ ማወቅም የዝግጅታችን ክፍል ይሁን። ቢሾፍቱ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ያህል ስትሆን የዝቋላ ራስ ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ ከ6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ስለሚቀንስ፣ ከታች የሞቀን ቀን ከላይ ስለሚጠብቀን ሌሊት አይነግረንም። የጥቅምት ሰማይ ደመና አልባ በመሆኑም ምድሪቱ በቀን ያከማቸችውን ሙቀት ሌሊት ፈጥና ታጣለች። አባቶቻችን “በጥቅምት አንድ አጥንት” ያሉት ይህን ብርድ አውቀው ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚጎዳን ላባችን ነው። ተራራ የወጣንበትን ልብስ ፀሐይ ሳትጠልቅ በደረቅ መለወጥ፣ ለሌሊትም ደረቅ ካልሲና የራስ መሸፈኛ መያዝ ይገባል። ሁለተኛው ምድር ነው። ብዙዎቻችን ብርድ ልብሱን ሁሉ ከላይ እንደርባለን፤ የተኛንበት መሬት ግን ሌሊቱን ሙሉ ሙቀታችንን ይስባል። ሰሌን፣ ደረቅ ሣር፣ ካርቶን ወይም ስፖንጅ ከበታች ማንጠፍ ሁለተኛ ብርድ ልብስ ከመደረብ ሊበልጥ ይችላል። ላስቲክ ከነፋስና ከጤዛ ይከላከላል፤ ሰውነት ላይ ከተጠቀለለ ግን እርጥበቱን አምቆ መልሶ ያበርዳል። የተራበ ሰውነትም አይሞቅም፤ በተፈቀደው ሰዓት በሶና ቆሎ መቅመስ፣ ትኩስ ነገር መጠጣት ይረዳል። “ያሞቃል” እየተባለ የሚቀመሰው አረቄ ግን ደሙን ወደ ቆዳ በመሳብ ሙቀትን ያባክናል፤ የሞቀን እየመሰለን እንበርዳለን።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምናችኋለሁ፤ የከሰል ምድጃ ወደ ድንኳን አታስገቡ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፤ አይሸትም፤ የተኛን ሰው ሳያነቃ ይገድላል። ፍሙ ጭስ ስለሌለው ብቻ ደኅና አይደለም፤ በሩን ገርበብ ማድረግም ዋስትና አይሆንም። እሳቱ ከውጭ፣ ከሸራው ራቅ ብሎ ይሁን።

ለየሰንበት ትምህርት ቤቱ የጉዞ ኮሚቴዎችም አሳብ አለኝ። በማስታወቂያችን ላይ የመነሻ ሰዓቱንና የጉዞውን ዋጋ እንጽፋለን፤ ስለ ሌሊቱ ግን አንዲት መስመር እንኳ አንጽፍም። ከእንግዲህ ደረቅ ቅያሪ ልብስና ምንጣፍ ከማስታወቂያው ላይ ይስፈሩ። ለየሁለት ተጓዥም አንድ ትርፍ ጋቢ ይያዝ፤ እርሱም ከእኛ ጋር ላልመጣው፣ ብቻውን ተራራውን ለወጣው ሰው ይሁን። ሌሊቱንም ወጣቶች በየተራ ነቅተው በየድንኳኑ ጥግ የተቀመጡትን አረጋውያን፣ ነዳያንና ሕፃናት የያዙ እናቶችን ይጎብኙ፤ ያናግሯቸውም። ቅዱስ ያዕቆብ ለራቁቱ ወንድም በቃል ብቻ “ሙቅ” ማለት ምን እንደሚጠቅም ጠይቆናል። እኔ ያን ምሽት “ሙቅ” እንኳ አላልሁም፤ “ታገሥ” ነበር ያልሁት።

ያ ታናሽ ወንድሜ በዚያች ሌሊት ምን እንዳደረገ የሰማሁት ስንመለስ በመኪና ውስጥ ነው። የብርድ ልብሱን ከእናታችን በታች እንዲነጠፍ የሰጠው እርሱ ነበር፤ ራሱም እስኪነጋ ከእሳቱ ዳር ተቀምጦ ሻይ ሲያፈላ አድሯል። በቃል የሰበክሁትን እርሱ በሥራ አስተማረኝ። ሰው ጋቢውን ለወንድሙ ሰጥቶ የሚቀበለው ብርድ መስቀል ሊባል ይችላል። ጋቢ ደርበን የሌላውን ብርድ “መስቀል” ብለን የምንሰይመው ግን ጭካኔ ነው።

የጻድቁ አባታችን ጸሎትና በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።