ፊትን በተዐቅቦ ስለ መጠበቅ

ከጥቅምት አጋማሽ እስከ የካቲት መጨረሻ ድረስ፣ ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ከጠራ በኋላ፣ በአዲስ አበባና በመሰሎቿ የደጋ ከተሞች የሚነፍሰው ደረቅ ነፋስ ከሰው ገላ ርጥበትን እየወሰደ ከንፈርን የሚሰነጥቅ፣ ጉንጭን የሚለበልብ፣ በአፍንጫ ዳርም ነጭ ቅርፊት የሚያስነሣ መሆኑን በዚህ አገር በጋን የከረመ ሁሉ ያውቀዋል። ይህ የወራቱ ባሕርይ ነውና ከአባቶቻችን ዘመን ጀምሮ የነበረ ነው። በዘመናችን የተጨመረው ነገር ድርቀቱን እናስወግዳለን ስንል በፊታችን ላይ የምንጭነው የክሬም፣ የሳሙናና የልዩ ልዩ ቅባት ብዛት ሲሆን፣ እኔም በዚህ ጽሑፍ ላስረዳው የምሻው የብዙ ሰዎች የፊት ድርቀትና ቅላት ከዚሁ ብዛት የተነሣ እየጸና መሄዱን፣ ፈውሱም በመተው የሚጀምር መሆኑን ነው።

የቆዳችን የላይኛው ልባስ፣ ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር ለሃምሳ ቢከፈል ከሚደርሰው እጅ የማይበልጥ ቢሆንም፣ በውስጣችን ያለው ውሃ እንዳይተን፣ በውጭ ያለውም ጎጂ ነገር እንዳይገባ ይከለክላል። አሜሪካዊው የቆዳ ሐኪም ፒተር ኤሊያስ ይህን ልባስ በጡብና በስሚንቶ በተሠራ ግንብ መስሎ አስረድቶታል፤ ጡቦቹ ዕድሜያቸውን የፈጸሙ ጠፍጣፋ ሕዋሳት፣ ስሚንቶውም ሴራሚድ፣ ኮሌስትሮልና የስብ አሲድ የተባሉት ቅባቶች ናቸው። ስሚንቶው በሳሙናና በፍትጊያ ሲታጠብ በስንጥቁ ውሃው ይወጣል፤ ሽቶውና አቧራው ይገባል፤ ሰውነትም ለመከላከል ደሙን ወደዚያው ይልካልና ፊት ይግላል፣ ይቀላል። እንግዲህ ድርቀትና ቅላት ብዙ ጊዜ ሁለት የተለያዩ ደዌዎች ሳይሆኑ አንዱ የሌላው ምክንያት መሆኑን ማስተዋል ይገባል።

በእኛ በጥቁር ሕዝቦች ዘንድ ደግሞ ነገሩን የሚያከብደው፣ ቅላት የሚባለው በጠይም ቆዳ ላይ ሁልጊዜ ቀይ ሆኖ አለመታየቱ ነው። ቡናማ ወይም ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ጥላ ይሆናል፤ ብዙ ሰው የሚያውቀው በዓይኑ አይቶ ሳይሆን በሚሰማው ማቃጠልና ትኩሳት ነው፤ ሲበርድም በስፍራው ጥቁር ምልክት ትቶ ይሄዳል። ባለ ፊቱ ይህን ምልክት እንደ እድፍ ቆጥሮ ሊያነጣው ይነሣል፤ የጥፋቱም መጀመሪያ ይህ ነው።

አንዲት ወጣት ማድያት ወይም የብጉር ጠባሳ አሳስቧት ወደ መድኃኒት ቤት ወይም ወደ መዋቢያ መሸጫ ገብታ ለፊት የሚሆን ክሬም ብትጠይቅ፣ ሻጩ ስለ ሕመሟ ሳይመረምር፣ ማዘዣም ሳይጠይቅ የሚሰጣት ብልቃጥ ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታዞል የተባለውን ስቴሮይድ የያዘ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ሰልዝበርገርና ዊተን የተባሉ ሐኪሞች ሃይድሮኮርቲዞንን በቆዳ ላይ ቀብተው ችፌን ማስታገሡን ካስታወቁበት ጊዜ ጀምሮ ስቴሮይድ ለቆዳ ሕሙማን ታላቅ ጸጋ ሆኖ ኖሯል፤ እኔም መድኃኒቱን ማማት አልፈልግም። ነገር ግን ክሎቤታዞል ከኃይለኞቹ ሁሉ ኃይለኛ በመሆኑ ከሁለት ሳምንት በላይ በተከታታይ እንዳይቀባ፣ ፊትም ላይ እንዳይደርስ የሚከለከል መድኃኒት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ፌልድማንና ማይባክ እ.ኤ.አ. በ1967 እንዳሳዩት፣ ክንድ ከሚመጠው የስቴሮይድ መጠን ጋር ሲነጻጸር ግንባር 6 እጥፍ፣ መንጋጋ ደግሞ 13 እጥፍ ያህል ይመጥጣል።

ክሬሙ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፊትን ያለሰልሳል፣ ያጠራል፤ የሚያታልለውም ይኸው ነው። ወራት ሲያልፉ ቆዳው ይሳሳል፣ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይታያሉ፣ ብጉር መሰል ሽፍታ ይወጣል። ክሬሙን በተወች በጥቂት ቀናት ፊቷ ያብጣል፣ እንደ እሳት ያቃጥላታል፤ እርሷም ማቆሜ ጎዳኝ ብላ ትመለስበታለች። ሌይደንና ክሊግማን ከባልደረባቸው ጋር ይህንኑ መከራ የስቴሮይድ ሮዛሲያ ብለው የጻፉበት ጊዜ እ.ኤ.አ. 1974 ነበር። ከዚያ ወዲህ ይህን ያህል ዘመን ካለፈ በኋላ በከተሞቻችን የሚገኙ እህቶቻችን በዚሁ ወጥመድ ሲያዙ ማየት የሚያሳዝን ብቻ ሳይሆን የሚያስቆጣ ነው። ማዘዣ የሚያሻውን መድኃኒት ያለ ማዘዣ መሸጥ የንግድ ትጋት ተብሎ ሊታለፍ አይገባውም፤ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የምግብና የመድኃኒትን አስተዳደር የሚመለከት ሕግ አለንና ጉድለቱ ከሕጉ መጻፍ ሳይሆን ከመፈጸሙ ላይ ነው። ከባሕር ማዶ ዘመድ በሻንጣ የሚልካቸው የሚያነጡ ክሬሞችም በፍቅር ስለ ተሰጡ ከጉዳት ነጻ አይሆኑም፤ በአንዳንዶቹ ሜርኩሪ ይገኛልና፣ ሜርኩሪም ከቆዳ አልፎ ኩላሊትን ይጎዳል።

ከዚህ ሌላ፣ ሳናስበው የምናደርሰው ጉዳት አለ። የጤናማ ፊት ገጽ በአሲድነት መለኪያ 5 አካባቢ ሲሆን፣ የልብስና የገላ ሳሙና 9 እና 10 ይደርሳል፤ ከታጠብን በኋላ ቆዳው ሲጨማደድና ሲወጠር የሚሰማን ስሜትም ብዙዎች ንጽሕና ነው ቢሉትም በእውነቱ የጉዳት ምልክት ነው። ሎሚ ደግሞ በተቃራኒው 2 ገደማ ስለሆነ ያቃጥላል፤ ጭማቂው በፊት ላይ እያለ ፀሐይ ቢያገኘው ውሃ የቋጠረ ቁስልና ለወራት የማይለቅ ጥቁረት ሊያመጣ ይችላል። ፊቱ ቶሎ የሚግል ሰው እንፋሎትን፣ የፈላ ቡናን፣ በርበሬንና አረቄን የትኛው እንደሚያስነሣበት ራሱን ቢመረምር ይጠቀማል፤ ሁሉም ለሁሉ አይጎዳምና በጅምላ መጾም አያስፈልግም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ለጥቂት ሳምንታት ከፊት ላይ ሁሉን ማንሣት ነው፤ ይኸውም ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ የተቀባ ካልሆነ ነው፤ ከሆነ በድንገት መተዉ ራሱ ሕመም ስለሚያመጣ ቀስ በቀስ የሚያስተወው ሐኪም ያስፈልጋል። ጠዋት ለብ ያለ ውሃ ብቻውን ይበቃል። ማታ ሽታ የሌለው፣ አረፋው ያነሰ የፊት ማጠቢያ በጣት ጫፍ ቀባ አድርጎ ማለቅለቅ፣ በለስላሳ ፎጣ ሳይፈትጉ ማድረቅ፣ ፊቱ ገና ርጥብ ሳለም ሽቶ የሌለበትን ማለስለሻ መቀባት ነው። ገንዘቡ ካልበቃ ሀብት የለኝም ብሎ መጨነቅ አያሻም፤ ሮበርት ቼዝብሮ እ.ኤ.አ. በ1872 የፈጠራ መብት ያወጣበት ቫዝሊን ዛሬም የቆዳን ውሃ ከመተን በመከልከል ከውድ ክሬሞች የሚያንስ አይደለም። ብጉር የሚበዛበት ፊት ግን ቀለል ያለ ሎሽን ይሻለዋል። ግሊሰሪን መልካም ነው፤ ሆኖም በደረቅ አየር ሳይበረዝ ከተቀባ ውሃውን ከራሱ ከቆዳው ሊስብ ስለሚችል በውሃ በርዞ፣ ከላዩም ቅባት ደርቦበት ቢቀባ ይመረጣል። አዲስ ነገር መሞከር የፈለገ አንድ ብቻ ይምረጥና ለጥቂት ቀናት በክንዱ ውስጠኛ ገጽ ይፈትነው። ቆዳ ራሱን የሚያድሰው በአንድ ወር ገደማ ነውና፣ በሦስት ቀን ለውጥ አላየሁም ብሎ ክሬም የሚለዋውጥ ሰው ፊቱን ለመዳን የሚበቃ ጊዜ አልሰጠውም። በክረምት የማሞቂያ አየር በሚያደርቃቸው በዋሽንግተንና በሚኒያፖሊስ ቤቶች፣ ቀንና ሌሊት ማቀዝቀዣ በሚሠራባቸው የዱባይና የሪያድ ቤቶች ለሚኖሩ ወገኖቻችንም ሥርዓቱ ይኸው ነው።

ፀሐይን በተመለከተ፣ ጠይም ቆዳ መከላከያ አያሻውም የሚለው አነጋገር እውነቱ ግማሽ ብቻ ነው፤ ቀለማችን ከመቃጠል ብዙ ይጠብቀናል እንጂ ማድያትንና ቅላት ትቶት የሚሄደውን ጥቁረት አይከለክልም። ከባሕር ጠለል 1,000 ሜትር በወጣን ቁጥር ቆዳን የሚጎዳው ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራልና፣ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠችው አዲስ አበባ በባሕር ዳርቻ ካለች ከተማ ሩብ ያህል የበለጠ ጨረር ይወርድባታል። የመከላከያ ቁጥሩ 30 የሆነ ክሬም፣ በተለይም ብረት ኦክሳይድ ያለበትና ከጠይም ፊት ጋር የሚስማማ ቀለም ያለው፣ መልካም ነው፤ ነጩ ዓይነት ፊትን ስለሚያምድ ብዙዎች ይተዉታል፣ አልፈርድባቸውም። ይህ የማይገኝለት ሰው ሰፊ ባርኔጣ ያድርግ፣ ጥላ ይያዝ፤ እናቶቻችን ነጠላቸውን ወደ ግንባራቸው ሳብ የሚያደርጉበት ልማድም ከሕክምናው ጋር የሚስማማ ጥበብ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተሻለ፣ ወይም ቅላቱ ዓይንን ከነካ፣ ወይም ከመገጣጠሚያ ሕመም ጋር በሁለቱ ጉንጮችና በአፍንጫ ላይ ከተዘረጋ፣ ወይም በፊት ላይ ስሜት የጠፋበት ነጣ ያለ ስፍራ ከታየ፣ ነገሩ ከድርቀት የሚያልፍ ሊሆን ስለሚችል ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ቆዳ ሐኪም መሄድ ይገባል፤ ሥጋ ደዌን ለማከምና ባለሙያዎችን ለማሠልጠን እ.ኤ.አ. በ1965 የተመሠረተው አለርት ሆስፒታል ዛሬ ልዩ ልዩ የቆዳ ሕሙማንን ይቀበላል። የሚሄድ ሰው ከዚህ ቀደም የተቀባውን ሁሉ፣ ስም ያልተጻፈበትን ብልቃጥና ከጓደኛ የተካፈለውን ጭምር በከረጢት ይዞ ይሂድ፤ ያለ ኀፍረትም በሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ይዘርግፈው፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው እርሱን ነውና።