ቅቡ ብቻ አይበቃም፣ መዝገቡስ?

«እግሯ ውስጥ ብረት አለ» ሲባል ያልሰማ ቤተሰብ በመካከላችን ይኖራል ብዬ አላስብም። ብረቱ ከምን እንደተሠራ፣ ምን እንደተቀባ፣ የትኛው ፋብሪካ እንዳመረተው ሲጠየቅ ግን ብዙዎቻችን መልስ የለንም። ይህ መለወጥ አለበት እላለሁ። ምክንያቴንም ከአንድ ስስ ቅብ ልጀምር።

የዳሌ መገጣጠሚያ አርጅቶ ሲተካ ጭን አጥንት ውስጥ የሚገባው ዘንግ ብዙ ጊዜ ከታይታኒየም ቅይጥ ይሠራል። ጥንካሬው አያጠራጥርም፤ ጥያቄው ከአጥንቱ ጋር እንዴት ተያይዞ ይቆያል የሚለው ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቻርንሊ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሲሚንቶ መሰል ማጣበቂያ ያያይዘው ነበር፤ ይህ ዘዴ ዛሬም ይሠራበታል። ሌላው መንገድ አጥንቱ ራሱ አድጎ ብረቱን እንዲይዘው ማድረግ ነው። ለዚህ የተመረጠው ሃይድሮክሲአፓታይት የሚባል ሴራሚክ ነው። ካልሲየም፣ ፎስፈረስ፣ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን አለበት፤ የአጥንታችንና የጥርሳችን ዋና ማዕድንም ከእርሱ ጋር ተመሳሳይ ስለሆነ አጥንት እንደ ባዕድ አያየውም። ለብቻው ግን ሸክም አይችልም። ጀበና ከእጅ ሲያመልጥ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ጥንካሬውን ከብረቱ፣ ቅርበቱን ከሴራሚኩ ወሰዱ፤ ዱቄቱን በሺህ በሚቆጠር ዲግሪ በጋለ ጋዝ አሳልፈው ብረቱ ላይ ይረጩታል። የቅቡ ውፍረት ብዙ ጊዜ ከ50 እስከ 150 ማይክሮሜትር ነው፤ አንድ ወይም ሁለት የራስ ጠጉር ቢደረደር ያህል። («ኬሚስትሪ ምን ይጠቅመኛል?» ለምትሉ ተማሪዎች ይህ አንዱ መልስ ነው።) ሮናልድ ፈርሎንግ የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1985 ለንደን ውስጥ እንዲህ የተቀባ ዘንግ ለሕመምተኞች ማስገባት ጀመረ።

ሐሳቡ ያምራል። ሲያምር ደግሞ ሁሉም ነገር ይቀባ ይባላል። ስዊድኖች ግን ከ1979 ጀምሮ በአገራቸው የተተካውን ዳሌ የሚመዘግቡበት መዝገብ ነበራቸው። ተመራማሪዎች ያንን መዝገብ ገልጠው አንድ ዓይነት ዘንግ ሲቀባና ሳይቀባ ቢያወዳድሩ በዕድሜው ላይ የጎላ ልዩነት አላገኙም። በዳሌ በኩል የሚገባውን ጽዋ መሰል ክፍል ሲያዩማ የተቀቡት ባሰባቸው፤ በድጋሚ ቀዶ ጥገና መቀየር ያስፈለጋቸው በብዛት እነርሱ ሆኑ። ይህን የሻጭ ብሮሹር አይነግረንም ነበር።

ወደ አካባቢያችን ስንመጣ፣ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልን ጨምሮ በክፍለ አህጉራችን ባሉ ብዙ ሆስፒታሎች የተሰበረ የእግር አጥንት «ሳይን» በተባለ የአሜሪካ በጎ አድራጎት ድርጅት ዘንግ ይጠገናል። የማይዝግ ብረት ነው፤ የሴራሚክ ቅብ የለውም። አያስፈልገውምም፤ ሥራው አጥንቱ እስኪገጥም ደግፎ መያዝ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያስደስተኝ ግን ሐኪሞቹ እያንዳንዱን ቀዶ ጥገና ወደ ድርጅቱ መዝገብ ማስገባታቸው ነው። ሕመምተኛው ለክትትል ሲመለስ ቁጢጥ ብሎ ፎቶግራፍ ይነሣል። ቁጢጥ ካለ ጉልበቱም ዳሌው ይታጠፋል ማለት ነው። ድሃ አገር መዝገብ መያዝ አይችልም ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም።

አንዳንድ ወላጆች «ሐኪሙ ያውቃል፤ መጠየቅ ድፍረት ነው» ይላሉ። ሐኪሙ ዛሬ ያውቃል። ከ15 ዓመት በኋላ ግን ያ ሐኪም ጡረታ ይወጣል፣ ፋይሉም ይጠፋል፤ እኛ ደግሞ እንደምታውቁት አንድ አገር አንቀመጥም። ናይሮቢ የገባውን ብረት ሌላ ክፍለ ዓለም ያለ ሐኪም ሊያወጣው ይችላል። ዓይነቱንና መጠኑን ካላወቀ ትክክለኛውን መፍቻ እንኳ አያዘጋጅም። የኤምአርአይ ምርመራ ሲታዘዝም የመጀመሪያው ጥያቄ «ሰውነትዎ ውስጥ ብረት አለ ወይ? ምን ዓይነት?» የሚል ነው።

ብረቱ በሚመጣበት ማሸጊያ ላይ የአምራቹን ስም፣ ዓይነቱን፣ መጠኑንና የምርት ቁጥሩን የያዘ ተለጣፊ ወረቀት ይኖራል። አንዱ ፋይል ላይ ሲለጠፍ አንዱን ለራሳችን እንለምን፤ ከፓስፖርቱና ከክትባት ካርዱ ጋር ይቀመጥ። የትምህርት ቤታችን የሳይንስ ክበብም ስም፣ ቀን፣ ሆስፒታል፣ የብረቱ ዓይነት፣ ቅብ አለው ወይስ የለውም፣ የምርት ቁጥር የሚሉ ቦታዎች ያሉት አንድ ገጽ ካርድ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ያዘጋጅ። የማባዣውን ወጪ የወላጆች ኮሚቴ አይከብደውም፤ ካርዱ በሚቀጥለው የወላጆች ቀን በር ላይ ሊታደል ይችላል።