እሾህ ያላት ጌሾ?

“ጠላ ሸጬ ነው ወንድሜን የማስተምረው። ጌሾ ተወደደብኝ፤ ከወንዝ ዳር የቆረጥኩት ግን ይሁን አይሁን ተጠራጠርኩ። እህሉ የዱቤ ነው!” ትላለች የመቀሌዋ ጠያቂያችን።

እህቴ፣ አትቸኩዪ። ቅርንጫፉን ዳሰስ አድርጊው። ጫፉ እሾህ ከሆነ ዘመዷ ጸዶ ናት። (ጸዶን ለሜስ የሚጠቀሙ አሉ፤ ያንቺ ግን ጠላ ነው።) ጌሾ እሾህ የላትም። ቅጠሏ ዓመቱን ሙሉ አይረግፍም፤ ላዩ ቅባት የተቀባ ይመስል ያብለጨልጫል፣ ዳር ዳሩ እንደ መጋዝ ጥርስ ጥርስ አለው። አበባዋ ልብ ካላልሽ አይታይም። አተር የምታክለው ፍሬዋ መጀመሪያ ትቀላለች፣ ስትበስል ትጠቁራለች።

የዱሯ ጌሾ ከ1,400 እስከ 3,200 ሜትር ከፍታ፣ በጫካና በወንዝ ዳር ትገኛለች። መቀሌም ከ2,000 ሜትር በላይ ናትና ጓሮሽ ይስማማታል። የበሰለ ፍሬ ለቅመሽ ዝሪ። ለዛሬው ጥንስስ ግን፣ ቢወደድም፣ ከገበያ ግዢ።